ሳሙናው ይቀድማል፦ ትንንሽ የመኳኳያ መሣሪያዎችን ቤት ውስጥ ስናጸዳ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ወረንጦን በአልኮል በራሰ ጥጥ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጎ ወደ ቦርሳ መመለስ ማጽዳት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ከሁሉም ስህተት በላይ ስለማየውና ከሁሉም በላይ ስለሚያናድደኝ ነው። ሙያውን ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ያደርጉታል። በወረንጦው ጫፍ ላይ የቆዳ ቅርፊት፣ የፊት ወዝና የደረቀ ፋውንዴሽን ተጋግሮ ካለ አልኮሉ የሚያርሰው ያንን ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ባክቴሪያ እንደተጠለለ ይቀራል። ጥጡ ደግሞ ቆሻሻውን ከጫፉ ወደ ክንፉ ያዳርሰዋል። ጠረን ስላለው ብቻ ንጹሕ የሆነ ይመስለናል፤ ከዚያም ያንኑ ወረንጦ አሁን ጸጉር ወደተነቀለበት፣ ቀዳዳው ወደተከፈተ ቆዳ እንወስደዋለን።

ሥራው ሁለት ነው፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና ለዚሁ በተለየ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ ነው። የወረንጦው ሁለት ክንፎች የሚገናኙበትን ጥግ፣ የመቀሱን መጋጠሚያ፣ የጥፍር መቁረጫውን የውስጥ ጎን አትዝለሉ፤ ቆሻሻ የሚከማቸው እዚያ ነው። ከዚያ አለቅልቁና አድርቁ። መሣሪያው ውኃ እንደቋጠረ አልኮል ውስጥ ከገባ አልኮሉን ያቀጥነዋል። የአልኮሉ ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ተራው ሲደርስም መቸኮል የለም። አልኮል ጀርምን የሚገድለው የተሠራበትን ፕሮቲን በማበላሸት ስለሆነ መሣሪያው እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን በንጹሕ ብርጭቆ አልኮል ውስጥ ነክራችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት፤ አውጥታችሁም በንጹሕ ጨርቅ ላይ በነፋስ ይድረቅ። ያገለገለውን አልኮል ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ።

ሌላው ስህተት «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ 99 በመቶ አልኮል መግዛት ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 70 በመቶው ነው። ውስጡ ያለው ውኃ አልኮሉ ቶሎ እንዳይተን ያደርገዋል፣ ወደ ባክቴሪያው ውስጥ እንዲዘልቅም ይረዳዋል። ያለ ውኃ ግን የላይኛውን ፕሮቲን ወዲያው ያረጋውና ሥራውን ሳይጨርስ ተንኖ ይጠፋል። ሽቶና የሚጠጣ መጠጥ ይህን ሥራ አይሠሩም። የእጅ ማጽጃ ጄልም ቢሆን ለእጅ ቆዳ የተዘጋጀ ነው፤ በብረት ላይ የሚያጣብቅ ነገር ትቶ ይሄዳል።

በረኪና። እባካችሁ ተዉት። አንዲት የማስተምራት ልጅ ከልቧ ንጽሕና ፈልጋ ወረንጦዎቿንና የሽፋሽፍት መቆልመሚያዋን በበረኪና ነክራ አሳደረቻቸው። ጠዋት ሁሉም ዝገት አውጥተው ነበር፤ የወረንጦዎቹ ጫፍ ተበልቶ ጸጉር መያዝ አቆመ። ይህ የገንዘብ ጉዳት ብቻ ነው። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ከአልኮል ጋር መቀላቀልም መርዛማ ነገር ይፈጥራል። ሁለት ማጽጃ ሲደባለቅ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ ሳንባ ያቃጥላል።

ወረንጦን በእሳት መለብለብም እንዲሁ ነው። ብረቱን ያጠቁረዋል፣ ጥንካሬውንም ያሳጣዋል። አልኮል የነካው ከሆነ ደግሞ ይቀጣጠላል፤ የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በቀላሉ እንደማይታይ አስቡ።

ወደ ብሩሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን መቆጣት አልወድም፤ ብሩሻቸውን የሚያበላሹት ስለሚሳሱለት ነው። እጀታው እስኪሰጥም በሙቅ ውኃ ይዘፈዝፉታል። ጸጉሩን ከእጀታው ጋር የያዘው ማጣበቂያ በብረቱ ቀለበት ውስጥ ነው፤ ሙቅ ውኃ እዚያ ሲገባ ማጣበቂያው ይለቃል፣ እንጨቱም ያብጣል። ከዚያ በኋላ ብሩሹ ባኳኳላችሁት ሰው ጉንጭ ላይ ጸጉር እየዘራ ይሄዳል። ጫፉን ቁልቁል ይዛችሁ ለብ ባለ ውኃ አርጥቡ፣ በመዳፋችሁ ላይ በለስላሳ ሻምፑ እሹት፣ ጥርት ያለ ውኃ እስኪወርድ አለቅልቁ። ስታደርቁትም ዋንጫ ውስጥ ሽቅብ አታቁሙት፤ ውኃው ወደ ቀለበቱ ይወርዳል። ጨርቅ ላይ አጋድሙት፣ ጸጉሩ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ነፋስ ያግኘው። የፋውንዴሽን ብሩሽ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት፤ ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ከዚያም ቢያዘወትር ይጠቀማል።

ስፖንጅ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2019 በእንግሊዝ አገር የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች እየተጠቀሙባቸው ያሉ የመኳኳያ ዕቃዎችን መርምረው ከፍተኛውን ብክለት ያገኙት በስፖንጆች ላይ ነበር፤ አብዛኞቹም ከተገዙ ጀምሮ ጭራሽ ታጥበው አያውቁም። አያስገርምም። ስፖንጅ እርጥበት፣ ቅባትና የሞተ ቆዳ በውስጡ ይይዛል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ከላይ አልኮል መርጨት ውስጡን አይነካውም። በተጠቀማችሁበት ቁጥር በሳሙና እየጨመቃችሁ እጠቡት፣ ክፍት ቦታ አድርቁት፤ ከተቀደደ፣ ከሸተተ ወይም ታጥቦ የማይለቅ ነጠብጣብ ካወጣ ጣሉት። ምንም ሳይታይበትም ቢሆን ከሦስት ወር በላይ አታቆዩት። ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚያስገቡም አሉ፤ የደረቀ ስፖንጅ እሳት ይይዛል።

የሽፋሽፍት መቆልመሚያ ላይ ብረቱን ጠርገው ጎማውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ሽፋሽፍቱን የሚነካው ጎማው ነው። አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡት እንጂ አልኮል ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ጎማም ሽፋሽፍት ይነቅላል። ብረቱን በአልኮል ካጸዳችሁ በኋላ ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ዓይን አታስጠጉ።

የኩል እርሳስ መቅረጫ ማንም አያስታውሰውም። ስለቱ ሥር የተጣበቀውን ፍርፋሪ በጥርስ መጎርጎሪያ አውጡ፣ እጠቡት፣ ከደረቀ በኋላ በአልኮል አርሱት። ፕላስቲኩ ግልጽና ጠንካራ ዓይነት ከሆነ አልኮል ሊሰነጣጥቀው ስለሚችል ስለቱን ብቻ ጥረጉ።

ወረቀት መሰሉ የጥፍር ሞረድ አይጸዳም። የአንድ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ይጣላል።

መሣሪያ ያጸዳሉ የሚባሉትን፣ በአልትራቫዮሌት አምፖል የሚሠሩ ሳጥኖች በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሠራው ባረፈበት ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ የወረንጦው ውስጠኛ ጎን ጥላ ውስጥ ነው፣ ያልታጠበ መሣሪያ ደግሞ ከነቆሻሻው ይበራበታል።

ደም የነካ መሣሪያ ሲያጋጥማችሁ ቤት ውስጥ በምናደርገው ነገር ተማምናችሁ ለሌላ ሰው አታውሉት። አልኮል ብዙ ጀርም ቢገድልም አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚይዙትን ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርጽ አይገድልም፤ ለማምከን በሕክምና ቤት ያለው በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የታመቀ እንፋሎት የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል። ምላጭ ከሆነ ወዲያውኑ ይጣል።

ዓይኑ ቀልቶ፣ ማዥ አውጥቶ የነበረ ሰው ሲሻለው ያንኑ ማስካራ መልሶ ሲያነሣ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። የማስካራው ብሩሽ ዓይን በነካ ቁጥር ወደ ቱቦው ይመለሳል፤ ቱቦው ውስጥ ደግሞ አልኮልም ሳሙናም አይገባም። ማስካራውንና ፈሳሽ ኩሉን ጣሉ፣ የሽፋሽፍት መቆልመሚያውን ጎማ ቀይሩ፣ ብረቶቹን ከላይ እንዳልኩት እጠቡና ንከሩ፤ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስ አዲሱንም አትክፈቱ።