ከስብሰባ ዜና ወደ ጫካ መንገድ፦ የጅማ ዘጋቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ዜና የሚሠራ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ብልጭ ይልበታል። የስብሰባ ዜና ሰልችቶታል። የግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መዘገብ ታክቶታል። «እየተጓዝኩ ለምን አልጽፍም?» ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሄኖክ ስዩም «ተጓዡ ጋዜጠኛ» ተብሎ የታወቀው በዚሁ ሥራ ነው። ግን ከአካባቢ ዘገባ ወደ ጀብዱ ጉዞ የሚሻገሩ ልጆች የሚሳሳቱት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። የጉዞ ጸሐፊ ለመሆን ዘጋቢነትን መጣል ያለባቸው ይመስላቸዋል።

ብዙዎች ከሥራ መልቀቂያ ይጀምራሉ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ወይም የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ደመወዝ አያኩራራም፤ እውነት ነው። ግን በወሩ ይመጣል። የጉዞ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከታተመ በኋላ ነው። አዘጋጁ «ወድጄዋለሁ» ብሎ ለወራት ሊያቆየውም ይችላል። የቤት አከራይ ደግሞ አይቆይም። ከደመወዙ በላይ ሥራው የሚሰጣችሁ ሰው ነው፦ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ፣ የአይሱዙ ሹፌሩ። ዴዶ ወይም ሊሙ ኮሳ ወረዳ ስትገቡ መንገድ የሚያሳዩዋችሁ እነሱ ናቸው። ለጊዜው ቅዳሜና እሁድ አለላችሁ፤ የዓመት ፈቃድም አለ።

ሌላው ጀብዱን ሩቅ መፈለግ ነው። ጀብዱ ሲባል ዳሎልና ራስ ዳሸን ብቻ የሚታየው ሰው አለ። እነሱን የጻፈ ሞልቷል፤ ገንዘብም መሣሪያም ይዞ ከውጭ የሚመጣ ጭምር። እናንተ ግን ያላችሁት ጅማ ነው። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ የበለጠ-ጌራ ደን አለ። ከሸቤ አልፋችሁ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ ካፋ ትገባላችሁ። ኮንታና ዳውሮ ላይ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆን አለው። ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁም ከከተማው አጠገብ ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ከውጭ የሚመጣው ጸሐፊ አንዴ አይቶ ይሄዳል። እናንተ በክረምትም በበጋም፣ በቡና ለቀማም ጊዜ መመለስ ትችላላችሁ። ይህን ዕድል እሱ በገንዘብ አያገኘውም።

አሁን ወደ አጻጻፉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጣጣ ያለው። ከዜና ክፍል ይዘነው የምንመጣው አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደገለጹት፣ ፏፏቴው ከፍተኛ የቱሪስት መስህብ አቅም እንዳለው ተጠቁሟል።» ማን ጠቆመ? ውሃው ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ከአስፋልቱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ቁልቁለቱ ያንሸራትታል? አንዱም የለም።

ይህን የነቃበት ልጅ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይነጉዳል። «በልምላሜ ያሸበረቀች፣ ዓይንን የምትማርክ፣ የምድር ገነት» ይጀምራል። የቱሪዝም ቀን ብሮሹር ማለት ነው። ሁለቱንም ቦታውን ያላየ ሰው ቢሮው ቁጭ ብሎ ሊጽፋቸው ይችላል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ዛፎቹ ግን ገና ያንጠባጥባሉ። መሪያችን ገጀራውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆመ። ወደ ላይ ጠቆመን። ጉሬዛ ነው፤ ጭራው ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል።» እዚህ ውስጥ አንድም የሚያሞካሽ ቃል የለም። አንባቢው ግን ቀና ብሎ ያያል።

«ማንም ያልረገጠው ድንግል ደን» የሚለውን ሐረግም ተዉት። በእኛ አካባቢ ጫካ ውስጥ ያለው ቡና ባለቤት አለው። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ባለቤት አለው። የምትሄዱበትን ቀጭን መንገድ ያወጣው የሰውና የከብት እግር ነው። በበለጠ-ጌራ ነዋሪዎች በደን አስተዳደር ማኅበር ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት ጋር የሚጠብቁበት አሠራር አለ፤ የጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት ጃይካም ይህን ደግፏል። ታሪኩ እዚያ ነው። እናንተ ግን ጭቃ ውስጥ መውደቃችሁን በሦስት አንቀጽ ትጽፉና ሻንጣችሁን የተሸከመውን ሰው «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ለዜና ቢሆን ስሙን፣ ዕድሜውንና ሥራውን ሳትጠይቁ ትመለሱ ነበር? ፎቶውንስ ሳታስፈቅዱ ታወጡ ነበር?

ቋንቋም ያው ነው። ገጠር ወጥቶ በአማርኛ ብቻ መተማመን አያዋጣም። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ባልደረባ ይዛችሁ ውጡ። ጎጀብን ከተሻገራችሁ ደግሞ ካፊኖኖ ነው።

የቡና ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈንጂ ነው። በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ጮጬ «ቡና የተገኘው እዚህ ነው» ይላል። ካፋ ደግሞ ማንኪራ የሚባለውን ቦታ ያሳያል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም ቦንጋ ነው። በአንዱ ወገን ቆማችሁ «ቡና እዚህ ቦታ ተገኘ» ብላችሁ ደምድማችሁ ከጻፋችሁ ከሌላው ወገን ስድቡን ተቀበሉ። ይገባችኋልም፤ የካልዲና የፍየሎቹ ወሬ አፈ ታሪክ ነው። በእርግጠኝነት መጻፍ የሚቻለው አረቢካ ቡና በእነዚህ በደቡብ ምዕራብ ደኖች በተፈጥሮ እንደሚበቅል ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ራሱን ጻፉት። ጮጬ ሂዱ፣ ማንኪራም ሂዱ፣ ሁለቱንም ጠይቁ። ከፍየሎቹ ተረት ይልቅ እሱ ይነበባል።

ለውጭ አንባቢ ስትጽፉ ቀንና ሰዓት ያሳስታል። የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በእኛ 2002። አስጎብኚው የሚነግራችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። «ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ» ብላችሁ ሳትቀይሩ ከላካችሁት ፈረንጁ በውድቅት ሌሊት መናኸሪያ ይቆማል።

ለአዘጋጅ የሚላክ ሐሳብ ላይ አጭር ነገር ልበል። «ስለ ጅማ መጻፍ እፈልጋለሁ» ሐሳብ አይደለም፤ የቦታ ስም ነው። ማን፣ ምን ሊያደርግ፣ ለምን አሁን የሚለውን በሦስት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻላችሁ ገና አልደረሰም። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሁሉም ያውቀዋል። የእንጨቱን ሥራ ዛሬ ማን ይጠግነዋል ብላችሁ ብትነሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ አበል ማውራት አንወድም፤ ግን ይነሳ። ዜና ክፍል ውስጥ ጋባዡ ትራንስፖርትና ውሎ አበል ሲከፍል ለምደናል። በጉዞ ጽሑፍ ያው ልማድ ነፃ ሎጅና ነፃ ምሳ ሆኖ ይመጣል። ኒውዮርክ ታይምስ ለምሳሌ በነፃ ግብዣ የተጻፈ የጉዞ ጽሑፍ ከፍሪላንስ ጸሐፊ አይወስድም። ሌሎች ቢወስዱም አንባቢ እንዲነገረው ይፈልጋሉ። ከሎጅ ግብዣ ይልቅ የራሳችሁ አልጋ ያለው ተራ ፔንሲዮን ይሻላል። ቢያንስ «ሻወሩ አይሠራም» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ፈቃድን የሚንቁም አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዙ ወረዳ አትግቡ። መታወቂያ ብቻውን አይበቃም። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም። ድልድይና ግድብ ላይም ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ግልገል ጊቤ ጥበቃ ያለበት ቦታ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው በዚያው ቀን ደውሉ እንጂ ያለፈ ወር ወሬ አትመኑ። በክረምት የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን የመመለሻ ቀን ስትቆርጡ ትርፍ ቀን ያዙ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

የመጨረሻው ስህተት አንዱን ጉዞ አንዴ ሸጦ መተው ነው። ከጌራ የማር ቆራጮች ጋር የቆያችሁበት ጊዜ ለሬዲዮ በድምፅ፣ ለመጽሔት በጽሑፍ፣ ለሌላ ደግሞ በፎቶ ይሆናል። ለዚህ ግን ውሉን አንብቡ። «ሙሉ መብቱ የአሳታሚው ነው» የሚል ካለ ፎቶዎቹን ከጽሑፉ ለይታችሁ ተደራደሩ። ኢንቮይሱንም ጽሑፉ በወጣ ዕለት ላኩ።