ስሱ እግር እንዴት ይያዛል? ለሜዲካል ፔዲኪር መዘጋጀት

ሜዲካል ፔዲኪር ከተለመደው ፔዲኪር የሚለየው ባለሙያው እግሩን አስቀድሞ በመመርመሩ፣ ቆዳን በምላጭ ባለመላጩና ከጀርም በጸዳ መሣሪያ ብቻ በመሥራቱ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ የእግራቸው የደም ዝውውር የተዳከመ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የተለመደውን ፔዲኪር ባይሞክሩት ይሻላል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ስለሚጎዳ፣ ምላጭ ቢቆርጣቸው ወይም ውሃ ቢያቃጥላቸው ላይሰማቸው ይችላል።

ይህን የተረዳሁት በእናቴ እግር ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ተረከዟ በምላጭ ሲላጭ እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም፤ መቆረጧን ያወቅነው የፎጣው ጫፍ ሲቀላ ነበር። ያቺ ትንሽ ቁስል እስክትድን ሁለት ወር ፋሻ ለማስቀየር ተመላልሰናል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቤት ነው። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት እግርዎን በደማቅ ብርሃን ይመልከቱ፤ ውስጥ እግርዎን በመስታወት፣ የጣቶችዎን መካከል ደግሞ ከፈት አድርገው ይዩ። ቁስል፣ መግል፣ እብጠት፣ ትኩሳት ያለው መቅላት ወይም የጠቆረ ቆዳ ካለ ቀጠሮውን ሰርዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቀጥሎም ዓይንዎን ጨፍነው፣ የቤተሰብ አባል የእያንዳንዱን እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ በስሱ ይንካልዎ። ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙዎ እግርዎ ስሜት እየቀነሰ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሳሎኑ ይቆይ።

ቦታ ሲመርጡ መሣሪያው ከጀርም እንዴት እንደሚጸዳ አጥርተው ይጠይቁ። «እንቀቅለዋለን» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አውቶክሌቭ የሚባለው የመሣሪያ ማምከኛ ማሽን ግን በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቆያል። ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥንም አውቶክሌቭን አይተካም። አውቶክሌቭ ከሌለ የራስዎን ጥፍር መቁረጫና ሞረድ በንጹሕ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ «ስኳር አለብኝ፣ ምላጭ እንዳይነካኝ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል፤ ነገር ግን ሠራተኛዋ ካልተነገራት የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ውሃው ለብ ያለ፣ ከ37 ዲግሪ ያልበለጠ ይሁን፤ እግር ሊዋሽ ስለሚችል በክርንዎ ወይም በቴርሞሜትር ይለኩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ረጅም መዘፍዘፍ ቆዳን ያላላል። ከዚያ የጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቅ።

ጥፍር ከጣቱ ጫፍ እኩል፣ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ጥጉን መቆፈር ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲገባ ያደርጋል፤ በጥፍሩ ሥር ያለው ስስ ቆዳም አይነካ። የወፈረ ጥፍር ቀስ በቀስ በሞረድ ይሳሳል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ተረከዝ ነው። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ አየር ንቃቃቱን ስለሚያባብሰው፣ ሁሉን በአንድ ቀን ለማለስለስ መጣደፍ ወደ ምላጭ ይወስዳል። በደረቅ ቆዳ ላይ ሞረዱን በአንድ አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያስኪዱ፤ ሮዝ ቆዳ ሳይታይ ያቁሙ። ቀሪውን ከፋርማሲ የሚገኝ ከ10 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም በየማታው ሲቀባ በሳምንታት ውስጥ ያለሰልሰዋል፤ ካልተገኘ ቫዝሊን ይጠቅማል። በጣቶች መካከል ግን ምንም አይቀባ፤ እርጥበቱ ፈንገስ ይጋብዛል። አሲድ ያለበትን የኮርን (በእግር ላይ የሚወጣ የደደረ ቆዳ) ማንሻ ፕላስተር ስሜት የቀነሰ እግር ላይ ፈጽሞ አይለጥፉ።

ከአገልግሎቱ በኋላ ባሉት ቀናት እግርዎን በየማታው ይመልከቱ፤ ጭረት ካገኙ በንጹሕ ውሃ አጥበውና በንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ሸፍነው ሳያድሩ በጤና ተቋም ይታዩ። እናቴ ዛሬ ጫማ ከማድረጓ በፊት እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ትፈትሻለች፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት ጥሬ የቡና ፍሬ አውጥታ አሳይታኛለች።