ኤክስኤምፒፒ ኮምፖነንት ስትሰሩ የሚበላሹ ነገሮች

አቦ ታይዋን ገበያ ላሉ ሱቆች ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቅ ራሱ የሚመልስ ነገር በኤክስኤምፒፒ (የቻት መልዕክት መላላኪያ ፕሮቶኮል) እንስራ ብላችሁ የተነሳችሁ የድሬ ልጆች፣ ሀሳቡ አሪፍ ነው፣ ግን ኮምፖነንት (ሰርቨሩ ላይ የሚቀጠል የራሳችሁ ፕሮግራም) እንደ ማንም አካውንት ሎግኢን የሚያደርግ ቦት አይደለም፣ ሰርቨሩ አንድ ሙሉ ዶሜይን አስረክቧችሁ ዞር ይላል፣ ለተራ ተጠቃሚ የሚሰራውን ስራ ለናንተ አይሰራም።

ሀንድሼኩ ላይ፣ ማለትም ኮምፖነንቱ ለሰርቨሩ ማንነቱን ሲያረጋግጥ፣ ፓስወርዱን እንዳለ የሚልክ አለ። አይሆንም። ሰርቨሩ ስትሪም (ግንኙነቱን) ሲከፍት የሚሰጣችሁን አይዲ ታስቀድማላችሁ፣ ፓስወርዱን ያለ ስፔስ ትቀጥሉበታላችሁ፣ ከዛ በሻ-1 ሀሽ አድርጋችሁ (ወደ ኋላ ወደማይፈታ ኮድ ቀይራችሁ) ሄክሱን፣ ማለትም በቁጥርና ከa እስከ f ባሉ ፊደላት የተጻፈውን ውጤት፣ በትንንሽ ፊደል ትልካላችሁ። አይዲው በየኮኔክሽኑ ስለሚቀየር አንዴ ያሰላችሁትን ይዛችሁ አትቆዩ።

"ፍሮም" (የላኪውን አድራሻ) መርሳትም አለ። ክላይንት ላይ ሰርቨሩ ነው የሚሞላው፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ መልዕክት ላይ እናንተ ናችሁ የምትጽፉት፣ እሱም በራሳችሁ ዶሜይን ስር ያለ አድራሻ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚንቀው አይኪው (መልስ የሚጠብቅ የጥያቄ መልዕክት) ነው። ጌት (መረጃ ስጠኝ) ወይ ሴት (ይህን ቀይር) ከመጣ የግድ ይመለሳል፣ በሪዘልት ወይ በኤረር፣ የመጣበትን አይዲ ይዞ። የማታውቁት ጥያቄ ከሆነ ሰርቪስ-አንአቬይለብል (አገልግሎቱ የለም የሚል ኤረር) በሉትና ገላግሉት፣ ዝም ካላችሁት የደንበኛው ስልክ መልስ እየጠበቀ ይንከረፈፋል። ለኤረር ግን በፍጹም መልስ አትስጡ! ሁለት ቦት ተገናኝተው ኤረር ሲወራወሩ ቢያድሩ የሚያስቆማቸው የለም።

ሮስተርም (ሰርቨሩ የሚይዝላችሁ የወዳጅ ዝርዝር) የላችሁም። ሰብስክራይብ (ኦንላይን መሆናችሁን ልይ የሚል ጥያቄ) ሲመጣ ራሳችሁ ሰብስክራይብድ ብላችሁ መልሱና ዳታቤዝ ላይ ያዙት፣ ሪስታርት ስታደርጉ ሰርቨሩ አያስታውስላችሁም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ደሞ ኮምፖነንቱ ሰርቨሩን ቀድሞ ይነሳና በየሰከንዱ ያንኳኳል፣ እያንዳንዱ ሙከራ መሀል ያለውን ጊዜ እያስረዘማችሁ ሂዱ እንጂ አታጨናንቁት፣ አንዴ አልተገናኘም ብሎ የሚሞት ኮድም አትጻፉ።

ኮምፖነንቱ የሚገናኝበት ፖርት ፕሮሶዲ (የኤክስኤምፒፒ ሰርቨር ሶፍትዌር) ላይ 5347 ነው፣ እንዳለ ከተዋችሁት የሚሰማው ሎካልሆስት (እዛው ማሽን) ላይ ብቻ ነው፣ ልክም ነው። ሰርቨሩ ውጪ አገር ኮምፖነንቱ ሳቢያን ሰፈር ቤታችሁ ነው ብላችሁ ለዓለም እንዳትከፍቱት፣ ፓስወርዱ ሀሽ ቢሆንም መልዕክቱ እርቃኑን ነው የሚሄደው፣ ኤስኤስኤች ተነል ወይ ቪፒኤን (መልዕክቱን ቆልፈው የሚያሳልፉ መንገዶች) አድርጉበት።

ለዶሜይናችሁ ዲኤንኤስ (የዶሜይን ስም ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚያመለክት መዝገብ) የሚያስፈልገው የሌላ ሰርቨር ሰዎችም እንዲያገኟችሁ ከፈለጋችሁ ነው፣ ያኔ የሰርቨሩ የደህንነት ሰርተፊኬት ላይ ሰብዶሜይኑም (የኮምፖነንቱ ዶሜይን) ይግባ።