መሪው ሲጎትት፣ ሲደነዝዝና ሲንቀጠቀጥ፦ ከጎማ ንፋስ እስከ አላይመንት

መሪው ያስቸገረው ሾፌር ብዙውን ጊዜ በቀጥታ የሚሄደው የጎማዎችን አቅጣጫና ዝንባሌ ወደሚለካው የአላይመንት ማሽን ነው። ገንዘቡን ይከፍላል፣ ቁጥሮቹ ሁሉ አረንጓዴ የሆኑበት ወረቀት ይቀበላል፣ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ ጎማው ራሱ፣ ከዚያ የመሪውና የእግሩ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) መገጣጠሚያዎች ይታያሉ፤ አላይመንት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። መገጣጠሚያው በላላ መኪና ላይ የተሠራ አላይመንት ቁጥሩ የሚጸናው መኪናው ማሽኑ ላይ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት በመንገዳችን ላይ በብዛት የምናያቸውን ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ የመሳሰሉ በፊት ጎማ የሚነዱ የቤት መኪኖች አስቤ ነው።

መሪው ከብዷል፣ ሲታጠፍም ዘግይቶ ይታዘዛል

በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ንፋስ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑ ይለሰልሳል፤ መሪውን ሲያዞሩ ቸርኬው ቀድሞ ይዞርና መሬቱን የያዘው የጎማ ክፍል ተጎትቶ ይከተላል። እጅዎ ላይ የሚሰማዎት መዘግየት ይህ ነው። መኪና ሲያቆሙ የሚሰማው ክብደትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይመጣል።

ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለትናንሽ የቤት መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ባለው ውስጥ ይወድቃል። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ከፍተኛ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የእርስዎ መኪና የሚፈልገው መጠን አይደለም። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ በጉዞ የሞቀ ጎማ ጥቂት ፒ.ኤስ.አይ ጨምሮ ስለሚያሳይ በዚያ ሰዓት ማስተንፈስ ስህተት ነው። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ ወይም በእግሩ ረግጦ «ይበቃዋል» ሲልዎት አይቀበሉት። የራስዎን መለኪያ ገዝተው መኪናው ውስጥ ያኑሩ፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ወደ ቆላ ለሚወርዱ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ከፍታ ተነስቶ ሰመራ የሚደርስ ሰው ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ስለሚጨምር የጎማው ንባብ በከፍታው ምክንያት ብቻ 3 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይቀንሳል። የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.5 ያህል ይመልስለታል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ መለኪያው ላይ ትልቅ ለውጥ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ቆላ ስለምወርድ» ብሎ አስቀድሞ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ በማግስቱ ጠዋት እዚያው ለክቶ ማስተካከል ይበቃል።

ንፋሱ ልክ ሆኖ መሪው አሁንም ከከበደ፣ በዘይት ኃይል የሚሠራ መሪ ያላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ የመሪ ዘይቱን መጠን ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ መሪ ባላቸው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ጉዳዩ የጎማ ሳይሆን የኤሌክትሪሻን ነው።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል

በቅድሚያ መንገዱን ይጠርጥሩ። ውሃ እንዲወርድ ተብሎ አስፋልት ከመሃል ወደ ዳር ያዘነብላል፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ጤነኛ መኪናም ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህ በሽታ አይደለም። ከተቻለ ሰፊና ደልዳላ ቦታ ላይ ይፈትኑት።

የግራና የቀኙ ንፋስ እኩል ሆኖ መሳቡ ከቀጠለ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቦታ ያቀያይሩ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሽከረከር ቀስት የታተመበት ጎማ ካልሆነ በስተቀር ይህ ፈተና ክሪክና የብሎን መፍቻ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሆኖም ስንት ሰው ሳይሠራው ገንዘቡን አላይመንት ላይ ያፈሳል! ከተቀያየሩ በኋላ መኪናው ወደ ተቃራኒው ጎን ከሳበ ጥፋተኛው ጎማ ነው። ጎማ ሲመረት ውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ትንሽ ከተዛነፈ፣ ወይም በአገልግሎት ከተጎዳ፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናውን ይጎትታል። እንዲህ ያለውን ወደ ኋላ ማዛወር ስሜቱን ያስታግሳል፤ ጎኑ ያበጠ ከሆነ ግን መጣል ብቻ ነው።

አቅጣጫው ካልተለወጠ ሁለት ነገር ይቀራል። አንዱ ፍሬን ነው። ብዙ ፍሬን ሳይረግጡ ጥቂት ከነዱ በኋላ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ አንደኛው በግልጽ የሚፋጅ ከሆነ በዚያ በኩል ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል። ሁለተኛው አላይመንት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ በጣም የተስፋፋ ስህተት አለ። ብዙ ባለሙያ መሳብን የሚያክመው ቶን በማስተካከል ነው። ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ በፊት በኩል መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። የፊት ጎማ ቶ ሲበላሽ መሪውን ያጣምማል፣ ጎማውን ይበላል እንጂ መኪናውን እምብዛም ወደ ጎን አይስብም። የሚስቡት ካምበርና ካስተር ናቸው። ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት መጠን ካምበር ይባላል፤ መኪናው ይበልጥ ወደ ውጭ ባዘነበለው ጎማ በኩል ይሄዳል። ካስተር ደግሞ ከጎን ሲታይ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚጋደልበት መጠን ነው፤ ከመታጠፊያ በኋላ መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው እሱ ሲሆን፣ ያነሰበት ጎን ይስባል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ጎማ ቁጥር ብቻውን ሳይሆን በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ይነበብ። ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ካለፈ መሳቡን የሚያስረዳ ምክንያት አግኝተዋል ማለት ነው።

መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ጠማማ ነው

ቶ ሲስተካከል መሪው መሃል ላይ አልታሰረም ነበር። ሥራው ይደገም። መሪው በትክክል ታስሮም ከጠመመ የኋላውን ቁጥር ይዩ፤ በአብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች የኋላው እግር የሚስተካከልበት ብሎን ስለሌለው ቁጥሩ ከተዛባ አንድ ነገር ጎብጧል።

መኪናው ይዋልላል፣ መሪው መሃል ላይ ልቅ ነው

ፈጣን መንገድ ላይ በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ማረም የሚያስገድድ መኪና ሾፌሩን ያደክማል፤ አደገኛም ነው። ይህ ምልክት ሲታይ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይመርምሩ።

የፊቱን ጎማ በክሪክ ያንሱ፤ መኪናውን በጽኑ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያነቃንቁት። ቋ ቋ ካለ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ (ታይሮድ) ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ አልቋል። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት፤ አሁን የሚነቃነቅ ከሆነ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ወይም የእግሩ ክብ መገጣጠሚያ (ቦል ጆይንት) ነው። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታውን፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። ከሥር የሚገኙት የላስቲክ ቡሾች መሰንጠቃቸውንም ባትሪ እያበሩ ይዩ። በኮብልስቶን ሰፈርና በፍጥነት መቀነሻ የሚመላለስ መኪና ላይ እነዚህ ቶሎ ይሞታሉ።

መገጣጠሚያው ጠንካራ ሆኖ መዋለሉ ካለ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰዱት። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ ተበላሽቷል። የፊት ጎማዎች በፊት በኩል ሲራራቁ መኪናው እረፍት ያጣል፤ ጥቂት ሲቀራረቡ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል።

ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው ይንቀጠቀጣል

ይህ የአላይመንት ጉዳይ አይደለም፤ ባላንስ፣ ማለትም የጎማውና የቸርኬው ክብደት ዙሪያውን እኩል አለመሆን ነው። ንቅናቄው መሪው ላይ ከሆነ የፊት ጎማዎችን፣ መቀመጫው ላይ ከሆነ የኋላዎቹን ይዩ። ከባላንስ በፊት በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል የደረቀውን ጭቃ ያሳጥቡ፤ ከክረምት በኋላ መንስኤው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ የጎዳው ቸርኬ ባላንስ ማሽኑ ላይ ሲሽከረከር ጠርዙ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የዲስክ ነው።

ሁሉም ደህና ነው፣ መሪው ግን ስሜት የለውም

እዚህ ላይ ነው ጎማ መምረጥ ዋጋ የሚኖረው። ማንኛውም የመሪ ስሜት የሚመጣው መሬት ከሚነኩት ከእነዚያ አራት መዳፍ የሚያክሉ የጎማ ክፍሎች ነው። ጎማው የደረቀ ከሆነ የቀረው ሁሉ ቢታደስ እጅዎ ምንም አይሰማም። በጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሐዝ ቁጥር ይፈልጉ፤ 2319 ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ሆኖ ጎኑ በቀጫጭን መስመሮች የተሰነጣጠቀ ጎማ እርጥብ አስፋልትን አይይዝም። በሱቅ ውስጥ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥም ይህንኑ ቁጥር ሳያዩ አይክፈሉ። ጥሩውን ጥንድ በአንድ ዘንግ ላይ፣ ዓይነቱም ጥርሱም ተመሳሳይ አድርገው ያስገጥሙ።

ጎኑ አጠር ያለ ጎማ ለመሪ ቶሎ ይታዘዛል። በጎማው ጎን ላይ በሚጻፈው መጠን ከ175/65 ባለ 14 ወደ 185/60 ባለ 15 መሸጋገር ይሰማል። እኔ ግን ከዚያ በላይ እንዲሄዱ አልመክርም። ጎኑ እያጠረ በሄደ ቁጥር ጉድጓዱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው፤ ሰፊ ጎማ ደግሞ ከባድ መኪኖች ያጎደጎዱት አስፋልት ላይ ቦዩን እየተከተለ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ቸርኬ ከቀየሩም የመሃል ቀዳዳው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ላይ ልክ መግጠም አለበት፤ በቪትዝ 54.1 ሚሊሜትር ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ያለ ማጥበቢያ ቀለበት ከታሰረ መሃሉን ይስታል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። አዲስ ጎማ ደግሞ ጥርሱ ረጅም ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ለስላሳ ሊመስል ይችላል፤ አትቸኩሉበት።

አላይመንት ሲያሠሩ

ንፋሱ ተስተካክሎ፣ የላላው ተቀይሮ፣ ከኋላ የተጫነ ከባድ ዕቃ ወርዶ ይግቡ። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ በወረቀት ይጠይቁ፤ «በፊት» የሌለው ወረቀት ምን እንደተስተካከለ አይነግርዎትም። በአብዛኞቹ እነዚህ መኪኖች ላይ እንዲስተካከል ተብሎ የተሠራው የፊት ቶ ብቻ ነው። ካምበር በልዩ ብሎን ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ካስተር አይስተካከልም፣ ከተዛባ ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ ወይም የሚታሰርበት ብረት ጎብጧል። ባለሙያው በእሳት አሙቆ ወይም በመዶሻ ለማቃናት ከተነሳ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ የጎበጠ ክንድ ይቀየራል እንጂ አይቃናም።

ቶ በፋብሪካው ወሰን ውስጥ ቢሆንም ግራውና ቀኙ እኩል እንዲሆን፣ ከዜሮ ወደ መቀራረብ ትንሽ እንዲያደላ ይጠይቁ፤ ወሰኑ ጫፍ ላይ ቆሞ አረንጓዴ የሆነ ቁጥር አይበቃም። ጎማ ከተፈታ ብሎኖቹ በቶዮታ 103 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ደግመው ያስፈትሹ። ወረቀቱን ከመኪናው ሰነድ ጋር ያኑሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ላይ ሲወጡ የትኛው ቁጥር ከቦታው እንደሸሸ፣ የትኛው መገጣጠሚያ መታየት እንዳለበት ያሳይዎታል።