ፋይበር ከመግባቱ በፊት ቤታችን ውስጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የፋይበር ኢንተርኔት ሊያስገባልኝ የመጣው ቴክኒሻን ድሪሉን እንደያዘ ሳሎን መሀል ቆመና «የት ይሁንልህ?» አለኝ። እኔም «ያው፣ የተመቸህ ቦታ» አልኩት። ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ለእሱ የተመቸው በሩ አጠገብ ነው፤ ገመዱ ከውጭ የሚገባው በዚያ በኩል ነዋ። ቶሎ ሠርቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆኝ ሄደ። እኔ ግን ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ መኝታ ቤት ጋደም ብዬ ቪዲዮ ማየት ስፈልግ ስልኩን በአንድ እጄ ወደ በሩ ዘርግቼ ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ችግሩ ባለሙያው መጥቶ ይሄዳል፣ ገመዱ ግን ለዓመታት ይቀራል። በእኔ ቤት፣ በአክስቴ ቤትና በጎረቤት ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ቦታውን ለባለሙያው መተው

ሰውዬው በዚያ ቀን ሌላ ቤትም ይጠብቀዋል። አጭሩን መንገድ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቦታውን እሱ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ምረጡ።

እኛ አገር ራውተር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን፣ የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። በአንድ ጎኑ መስታወት፣ በሌላው ብርጭቆ፣ ፊት ለፊቱ የሠርግ ፎቶ። አራት ኪሎ ያለችው አክስቴ ደግሞ ዳንቴል አልብሳው ነበር። የመጣው ልጅ «እናቴ፣ ይቺን ካላነሱለት ይግላል» ቢላት «ታዲያ ልጄ፣ አቧራውስ?» አለችው። ልጁ መልስ አላገኘም። እውነቱ ግን ከእሱ ጋር ነው። ራውተር ሙቀቱን የሚያስወጣው በላዩና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ሲታፈን ይግላል፤ ሲግል ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ያበራል።

ሌላው ነገር ግድግዳ ነው። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንጨትና ጂፕሰም ብዙም አያስቸግሩትም። ብሎኬት ያደክመዋል፤ ፌሮ ያለው ኮንክሪት ደግሞ ይብሳል። ቆርቆሮ ሲያገኝ ተመልሶ ይነጥራል። ትልቅ መስታወትም ጀርባው በስስ ብረት የተለበጠ ስለሆነ ያው ነው። ውሃ ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ከሮቶ ጀርባ ያለ ክፍል ዋይፋይ ካልደረሰው አይግረማችሁ። ግቢ ውስጥ ያለው ሰርቪስ ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነም ከዋናው ቤት ዋይፋይ ይደርሰዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ለዚያ የሚሆን ላን ኬብል (ከራውተሩ የሚወጣ የኢንተርኔት ገመድ) ቀድማችሁ አስቡ።

አብዛኞቹ የፋይበር ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳ በተሻለ ያልፋል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የላይ፣ የታችና የጎን ጎረቤት ሁሉ በዚያው ላይ ስለሚጋፋ ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ሁለት ግድግዳ ሲገጥመው ግን ይረታል። ፈጣኑን በብዛት ለመጠቀም የፈለገ ሰው ራውተሩን ወደ ቤቱ መሀል፣ ከፍ አድርጎ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ኮሪደሩ ላይ፣ ከበር ከፍ ብሎ የሚሰቀል ትንሽ መደርደሪያ ከቡፌ ይሻላል። አያምርም፣ አውቃለሁ።

ቦታው ትክክል መሆኑን በነፃ መፈተን ይቻላል። ስልካችሁን ራውተሩን ባሰባችሁበት ቦታ አስቀምጡና ሆትስፖት ክፈቱ። ሌላ ስልክ ይዛችሁ ክፍል ለክፍል ዙሩ። ሽንት ቤትም ግቡ፣ ማንም አያይም። የስልክ ሆትስፖት አብዛኛውን ጊዜ ከራውተር ይደክማል። እሱ የደረሰበት ክፍል ራውተሩም ይደርሳል። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እጄ አይዝልም ነበር።

ሶኬቱን መርሳት

ቦታው ተመረጠ፣ ገመዱ ገባ፣ ከዚያ «ሶኬት የታለ?» ይመጣል። ያኔ ዲቫይደር ይጎተታል። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ አንዳንዴም ምጣዱ ባለበት ዲቫይደር ላይ ራውተሩ ይጨመራል። ምጣድ በጣም ብዙ ኃይል ይስባል። ከእሱ ጋር አንድ ዲቫይደር መጋራት ለራውተሩ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም አደጋ ነው። ቴክኒሻኑ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለም፤ ሶኬት እንዲሠራላችሁ አትጠብቁ። ቀድማችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩና አንድ ሶኬት ለብቻው አስወጡ።

ስለ መብራት መጥፋትም አሁኑኑ አስቡ። ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ ፋይበሩም አብሮ የሚጠፋ ይመስለዋል። የፋይበር ገመድ ውስጡ ቀጭን መስታወት ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ የሚሄደውም ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ብዙ ጊዜ የቤት ፋይበር በሚዘረጋበት አሠራር ደግሞ አንዱን መስመር ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚያካፍለው የመንገድ ሳጥን ምንም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ዋናው ጣቢያ መጠባበቂያ ኃይል እስካለው ድረስ ብርሃኑ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። የሚሞተው የእናንተ ራውተር ነው። ለዚህ ለራውተር ብቻ የሚሠራ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት በራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ያልሆነ ግን አለ፣ ያልተስማማ ባትሪ ደግሞ ያቃጥለዋል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩን ንቀሉት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ መስመር ስልክ አንድ ነገር። የድሮው የመዳብ መስመር ኃይሉን የሚያገኘው ከጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይጮህ ነበር። ስልኩ ወደ ፋይበር ከዞረ ግን የሚሠራው በራውተሩ በኩል ነው፤ ራውተሩ ሲጠፋ እሱም ዝም ይላል። እቤት ውስጥ በመስመር ስልክ ብቻ የሚደወልላቸው አረጋዊ ካሉ ይህን ሳታስቡ «አሮጌውን ገመድ ንቀለው» አትበሉ።

ገመዱ በየት እንደሚገባ አለማየት

በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ በመሀል ከተማ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የነበረው የገመድ ጫካ በብዛት ከመሬት በታች ገብቷል። በየሰፈሩ ውስጥ ግን ገመድ አሁንም ከፖል ወደ ጣሪያ ሲዘል ታያላችሁ። ስለዚህ ወጣ በሉና ወደ ላይ እዩ። ከየትኛው ፖል ነው የሚመጣው? የጎረቤትን ጣሪያ ያቋርጣል? የዛፍ ቅርንጫፍ አለ? ከመብራት መስመሩ ጋር ይነካካል? መስታወቱ ራሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከውጭ የሚሰቀለው ገመድ ግን ብዙ ጊዜ መሸከሚያ ሽቦ አብሮት አለ፤ ሽቦው ያስተላልፋል።

ቀዳዳው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ትልቅ ይሆናል። ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዝቆ መበሳት አለበት። ወደ ውስጥ ካዘነበለ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ይዞ ሳሎን ይገባል። ገመዱም ቀዳዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ቅስት ሠርቶ ይግባ። ውሃው በቅስቱ ታች ይንጠባጠባል፣ ወደ ቤት አይመጣም። ከዚያ ቀዳዳው በሲሊኮን ይደፈን። ይህን ካልጠየቃችሁ የሚያስታውስላችሁ የለም።

የአክስቴ ቤት የድሮ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ውስጥ እንጨት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ድሪሉ ጭድ ይዞ ወጣ፣ ልስኑም እንደ ሳህን የሰፋ ቦታ ላይ ረገፈ። በመጨረሻ የተበሳው የመስኮቱ ክፈፍ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ከመጀመሪያው ክፈፉን አሳዩት። በኮርኒስ በኩል ማሳለፍም ያጓጓል፣ ምንም ስለማይታይ። አይጥ ግን ኮርኒሱን ከእናንተ በፊት ነው የተከራየችው። እዚያ የሚያልፍ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሁን። በበርና በመቃን መካከል ማሳለፍ ግን በጭራሽ! በሩ በተዘጋ ቁጥር ገመዱ ይፈጫል።

ቤት ልትቀቡ ወይም ኮርኒስ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ያንን አስቀድሙ። ቀለም ቀቢ ገመድ ሲያይ ዝም ብሎ ይነቅላል።

ፈቃድ ሳይጠይቁ ቀን መያዝ

ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ። «ኢንተርኔት ላስገባ ነው» በቂ አይደለም። «ግድግዳ ይበሳል፣ እዚህ ጋ ነው» በሉ። ድሪል ሲጮህ ሰምተው የሚመጡ አከራይ ጥሩ ስሜት አይኖራቸውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ልደታ ያለ ጓደኛዬ ቤት ቴክኒሻኑ መጥቶ፣ ከደረጃው ጋር የሚወጣው የገመድ መስመር ሳጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከኮሚቴው ጸሐፊ ጋር፣ ጸሐፊው ደግሞ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ቀጠሮው ሳምንት ተሻገረ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ በዋዜማው እወቁ። ለጥበቃውም ንገሩት።

እንደ ዲሽ ገመድ መቁጠር

ለዓመታት የኖርነው ከዲሽ ጋር ነው። የዲሽ ገመድ ቢቆረጥ ላጥ አድርጎ፣ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ ማስቀጠል ይቻላል። ፋይበር እንዲህ አይሆንም። ውስጡ መስታወት ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሀሉ 9 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ከተቆረጠ ሁለቱን ጫፎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ የሚያጣብቅ ማሽን፣ ወይም ልዩ ማያያዣና የለመደ እጅ ያስፈልጋል። ናስትሮ ፋይዳ የለውም።

ባይቆረጥም ሲታጠፍ ብርሃኑ ከመስታወቱ ያመልጣል። ለቤት ውስጥ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ገመዶች መታጠፍን ይችላሉ፤ ቢሆንም እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የቡና ሲኒ ነው። ጥምዙ ከሲኒ አፍ አይነስ። የተረፈውን ገመድ ስትጠቀልሉ በሲኒው ዙሪያ ማለፍ ካልቻለ በጣም ጠብቋል። ሶፋውን ግድግዳ ላይ ገፍታችሁ ገመዱን አትጫኑት። በምስማርም ጥርቅም አድርጋችሁ አትምቱት።

ባለሙያው ገመዱን ሲላጭ የሚወድቀው ስባሪ እንደ እሾህ ነው፤ ደግሞ አይታይም። እግር ውስጥ ከገባ አያድርስ ነው። በዚያ ቀን ሳሎን ቄጤማ አትጎዝጉዙ፤ ስባሪው እዚያ ውስጥ ከወደቀ አይገኝም። ምንጣፉን አንሡ፣ ልጆቹን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ፣ ስባሪውን በፕላስተር ለቅሞ እንዲወስድ ጠይቁት። የተነቀለ ጫፍ ላይም ዓይናችሁን አታድርጉ። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ስለሆነ «ምንም የለም» ብላችሁ ልታፈጡበት ትችላላችሁ።

መወሰን የሚችል ሰው አለማስቀመጥ

ቤት ውስጥ ሠራተኛዋን ብቻ ትቶ መሄድ ለእሷም ፈተና ነው። «እዚህ ልብሳው?» ሲላት ምን ትበል? ስልካችሁም ክፍት ይሁን። የቤት ቁጥር በእኛ ከተማ ብዙም አይረዳም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» የሚለውን በስልክ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ሳይፈትሹ መሸኘት

ቡናው ከመቅረቡ በፊት ሞክሩት። ራውተሩ ላይ «ሎስ» (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ «ቆይቶ ይስተካከላል» ቢባል አትስሙ። ፍጥነቱን በመጀመሪያ ላፕቶፕ በላን ኬብል አገናኝታችሁ ለኩ፣ ከዚያ በዋይፋይ። በኬብል ጥሩ፣ በዋይፋይ መጥፎ ከሆነ ችግሩ የቦታው እንጂ የመስመሩ አይደለም።

ስትለኩ ግን «ሜጋ» አያሳስታችሁ። 25 ሜጋ ገዝታችሁ ፋይል ስታወርዱ በሰከንድ 3 አካባቢ ብታዩ የተበላባችሁ የለም። የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። አንድ ጊጋባይት ፊልም በዚህ ፍጥነት አምስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ይፈጃል።

ሁለት ነገር ደግሞ ቴክኒሻኑ ሳይሄድ። አንደኛ፣ ራውተሩ ጋ ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ገመድ ተጠቅልሎ ይቅር፤ ነገ ቡፌው ቦታ ይቀይራል። ሁለተኛ፣ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ የራውተሩንም መግቢያ ቃል አብራችሁ። የስልክ ቁጥራችሁን የይለፍ ቃል አታድርጉት፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

የአክስቴን እኔ ነኝ የቀየርኩላት። እንዳትረሳው በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ባለፈው ስሄድ ራውተሩ ራቁቱን ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ዳንቴሉ ቡፌው ላይ ነው፣ ወረቀቱ ከሥሩ።