የሜሶቴሊዮማን ምልክቶች እንዴት መለየት ይቻላል

ሜሶቴሊዮማ ሳንባን፣ ሆድ ዕቃንና ልብን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ የሚነሳ ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የሳንባን ሽፋን ነው። ብርቅ በሽታ ስለሆነ ጎጃም ውስጥ አንድ ሰው ባሳለ ቁጥር ይህ አይታሰብም፤ መታሰብም የለበትም። የሚያስቸግረው ምልክቶቹ በአካባቢያችን በደንብ ከሚታወቁት ከቲቢ፣ ከሳንባ ምችና ከልብ ድካም ጋር መመሳሰላቸው ነው። በመሆኑም ሳሉን ከመመርመር በፊት የታማሚውን የሥራ ታሪክ መጠየቅ ይቀድማል።

ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ የተባለው ማዕድን ነው። እሳት ስለሚቋቋም ለጣሪያ፣ ለውሃ ቧንቧ፣ ለቦይለር መጠቅለያ፣ እንዲሁም ለቀድሞው የፍሬን ሸራ ሲያገለግል ኖሯል። ሲቆረጥ፣ ሲሞረድ ወይም ሲሰበር ዓይን የማያያቸው ቃጫ መሰል ብናኞች ይወጡና በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባሉ። በሽታው የሚገለጠው ታዲያ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ዛሬ ቢቸና ወይም ሞጣ አካባቢ በእርሻ የሚተዳደሩ አዛውንት፣ በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው ወደብ ላይ ወይም አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ሠርተው ሊሆን ይችላል፤ እሳቸውም ረስተውታል፣ ልጆቻቸውም አያውቁም። «አባባ፣ ወጣት ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር? አቧራው ምን ዓይነት ነበር?» ብሎ ረጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሠራተኛውን ልብስ ስታጥብ የኖረች ሚስትም ብናኙን ልትተነፍሰው ስለምትችል እሷንም መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በሽታውን ከአስቤስቶስ ጋር ባገናኘው የደቡብ አፍሪካ ጥናት ውስጥ፣ በማዕድን ቁፋሮ ያልተሰማሩ ነገር ግን በማውጫው አቅራቢያ የኖሩ ሰዎችም ነበሩበት።

ቀጥሎ የሚታየው ትንፋሽ ነው። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ውሃ ሲቋጠር ሳንባው መተንፈሻ ቦታ ያጣል። ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ታማሚው ብዙ ጊዜ በዕድሜው ያሳብባል። ስለዚህ «ያምዎታል?» ከማለት ይልቅ አምና ያደርጉት የነበረውን ከዘንድሮው ጋር ማነጻጸር ይሻላል፦ የገበያውን ዳገት ስንት ጊዜ አርፈው ይወጡታል? የስቅለትን ስግደት እንደ አምናው ጨርሰውታል? በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ፣ ሲተነፍሱ የሚብስ ወይም ቀን ከሌት የማይለቅ ውጋትም ከዚሁ ጋር ይመዘገባል፤ ሕመሙ ወደ ትከሻ ሊሄድ ይችላል። «ብርድ መታኝ» ተብሎ በዳማከሴ የሚታለፈው አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ቀላል ነገር ነው፤ ሳምንታት ቆይቶ እየባሰ የሚሄድ የአንድ ጎን ውጋት ግን መታለፍ የለበትም። ደረቅ ሳል፣ ድካምና የሌሊት ላብም ሊኖሩ ይችላሉ።

የክብደት መቀነስ እኛ ዘንድ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሁዳዴ 55 ቀን የጾመ ሰው መክሳቱ አያስደነግጥምና። ከፋሲካ በኋላ ሳምንታት አልፈው፣ ገበታው ተመልሶ ሰውነቱ ካልተመለሰ ወይም ቀበቶው መላላቱን ከቀጠለ ግን በጾም ማሳበብ አይቻልም። በሽታው የሆድ ዕቃን ሽፋን ሲይዝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፊትና ክንድ እየከሱ ሆድ ይነፋል፣ ያማል፣ ምግብ ቶሎ ያጠግባል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሻል።

እነዚህ ምልክቶች ከሥራ ታሪኩ ጋር ከተገናኙ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጸበል የሚጠመቁም ሕክምናውን ጎን ለጎን ቢከታተሉ ይበጃል። መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ መደረጉ ትክክል ነው፤ የተጀመረ የቲቢ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥም። ነገር ግን መድኃኒቱ በሥርዓቱ እየተወሰደ በደረት የተቋጠረው ውሃ ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ የሚቋጠር ከሆነ፣ «ሌላ ምክንያት ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅና ሪፈር መጠየቅ ነውር የለውም። ራጅ ውሃውን ያሳያል እንጂ የውሃውን ምክንያት አይነግርም፤ ሲቲ ስካን የሽፋኑን መወፈር ሊያሳይ ይችላል። ከደረት የተቀዳው ውሃ ተመርምሮ ካንሰር አልታየበትም ማለትም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ማረጋገጫው ከሽፋኑ በተወሰደ የሥጋ ናሙና የሚደረገው ባዮፕሲ ነው።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ የቀድሞውን ራጅ፣ የተቀዳውን ውሃ ውጤትና የሚወሰደውን መድኃኒት መያዝ፣ እንዲሁም «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን ሥራ» የሚል አጭር ጽሑፍ ለሐኪሙ ማቅረብ ያስፈልጋል። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ስለ ሥራ ላይጠይቅ ይችላልና፣ ሳይጠየቁ መናገር የታማሚውና የአስታማሚው ድርሻ ነው።