የዛጎል ሥጋን በፈጣን መመርመሪያ መፈተሽ

በባሕር ዛጎል ሥጋ ውስጥ የሚከማቸው የነርቭ መርዝ፣ ሳክሲቶክሲን፣ በመቀቀል አይጠፋም፤ ስለዚህ ሥጋው ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት ይመርመር። አንዱ ዛጎል ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል፣ እኔ ከአሥር የማያንሱ ከፍቼ፣ አጥቤ፣ ሥጋቸውን ከነሆድ ዕቃቸው አንድ ላይ እፈጫለሁ። ከመመርመሪያው ጋር የመጣውን ፈሳሽ በመመሪያው ልክ ጨምሬ አጣራለሁ፤ ጠብታውን መመርመሪያው ላይ አኑሬ ሰዓት እይዛለሁ።

ንባቡ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ። እንደ እርግዝና ምርመራ አይደለም፤ መርዝ ሲኖር የናሙናው መስመር ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደማቅ መስመሮች አይቼ ደንግጬ ነበር፤ ናሙናው ግን ደኅና ነበር። መመርመሪያው መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ውጤቱን ጣሉትና በአዲስ ድገሙት። መስመሩ ካጠራጠራችሁ መርዝ እንዳለ ቁጠሩት፤ በብዙ አገሮች ወሰን የሆነው በኪሎ ግራም 800 ማይክሮ ግራም መታለፉን የሚያረጋግጠው ላቦራቶሪ ነው።